አምስት መቶ አሥራ ሰባት

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበበ አንባቢ አይጨነቅ፤ ብዙም አላመለጠው። ባጭሩ፣ አንዲት ፋርማሲስትና አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይዋደዳሉ። እሱን ሰፈሩ በሙሉ ካቻቢቴ ይለዋል፤ ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ ተለይቶ ስለማያውቅ። እሷ ደግሞ የዳኛው ልጅ ናት። ዳኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥም ቢሆን ሰው ሲናገር እስኪጨርስ አያቋርጡም፤ ካቋረጡ ግን ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ካቻቢቴ አጎቱን አስከትሎ ልጃቸውን ለጋብቻ ለመጠየቅ በሄደ ጊዜ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ "በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሴን እነግርሃለሁ" ብለው እስከ በር ሸኙት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ሳለ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተያዘ፣ መልሱም እዚያው ውስጣቸው ቀረ።

ይህ ከሆነ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው።

ልጅቱ "አባዬ እሺ ሳይል አላገባም" ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ይህን የምትለው ፈርታ አይደለም። እናቷ የሞተችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ፀጉሯን አንዱን ጎን አጥብቀው ሌላውን ጎን አላልተው እያሰሩ ትምህርት ቤት ያደረሷት ዳኛው ራሳቸው ናቸው፤ ሕመም ሲነሳባትም ሌሊቱን ወንበር ላይ የሚያነጉት እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለውን አባት አንደበቱ ስለተያዘ ብቻ "ዝም ብሏልና ተስማምቷል" ብላ ልታልፈው አልፈለገችም። ካቻቢቴ ይህን ያውቃል፣ ያከብራልም። ማክበሩ ግን ናፍቆቱን አላስታገሰለትም። እኔ በበኩሌ ማንም ላይ አልፈርድም፤ መፍረድ ሥራው የነበረው ሰውዬ እንኳ ዝም ብሏል።

የዳኛው ጆሮ ይሰማል፤ ዓይናቸውም ሰው ይለያል። ችግሩ መልስ መስጠቱ ላይ ነው። ራሳቸው ያለማቋረጥ ስለሚነቀነቅ ለጠየቋቸው ሁሉ እሺ ያሉ ይመስላል፤ ከሳቸው ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ለሁሉም እሺ እንደማይሉ ያውቃል። ግራ እጃቸው ትንሽ ትነሳለች፤ ስትነሳ ግን አንዱ ውሃ ነው ይላል፣ ሌላው መስኮት፣ ሦስተኛው ዝንብ ነው ይላል። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲፈትኑ የኖሩ መምህርት ሲሆኑ፣ ቤተሰቡም ካቻቢቴም እትዬ ይሏቸዋል። እትዬ በግምት የሚሰጥ መልስ አይቀበሉም።

ካቻቢቴ ማሽን ልሥራ ብሎ የተነሳው ለዚህ ነው። ሰው ጌም ሲጫወት በአውራ ጣቱ የሚገፋት እንጉዳይ የመሰለች ጉጥ ጆይስቲክ ትባላለች። ከሥሯ ያለው ዕቃ ጉጧ ምን ያህል እንዳዘነበለች ይለካል። የክብሪት ቀፎ በምታህል ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ሰሌዳ ላይ ሽቦዋን ካሰሩላት፣ ያለችበትን ቦታ በቁጥር ትናገራለች። ጥግ ግራ ዜሮ ነው፣ ጥግ ቀኝ ሺህ ሃያ ሦስት። መሃሉ አምስት መቶ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት፤ ዕቃ ነውና ግን የየራሱ አመል አለው። ካቻቢቴ ከአሮጌ መጫወቻ የነቀላት ጉጥ ማንም ሳይነካት አምስት መቶ አሥራ ሰባት ትላለች። ወደ ግራ ስትገፋ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አዎ ማለት ነው። ወደ ቀኝ ስትገፋ ቀዩ ይበራል፣ አይሆንም ማለት ነው። የዳኛው እጅ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ አይቶ ለማስተካከል እንዲመቸው በየሰከንዱ አንድ ቁጥር የሚጻፍባት ሚሞሪ ካርድም ጨመረበት። ሁሉንም ሱቁ ውስጥ በራሱ እጅ ሞከረው፣ ሠራለት።

አንድ ሰው ለሚወዳት ሴት አባት "አይሆንም" የሚልበትን ዕቃ በገዛ እጁ ሲሠራለት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ሳሎኑ ውስጥ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑ በጣውላ ላይ ተደርጎ ከፊታቸው ቀርቧል። ካቻቢቴ በግራቸው በኩል፣ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ተሰጠው። ልጅቱ ቆማለች። ማሽኑን ለማብራት ካቻቢቴ እጁን ሲዘረጋ እትዬ በጣታቸው አስቆሙት።

"ማሽኑን የሠራኸው አንተ፣ ጠያቂው አንተ፣ ደግሞ የምታበራውም አንተ?"

"ቁልፏን መጫን ብቻ ነው እኮ እትዬ።"

"ልጁ በሚፈተንበት ክፍል አባት አይፈትንም። ነገ ይህቺ ልጅ 'ይኼን ነገር ካቻቢቴ አጣሞት ይሆን?' ብላ እንድታስብ ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም።"

"እንግዲያስ ቁጭ በል። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ።"

ካቻቢቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እትዬ የወንድማቸውን ግራ እጅ በጥንቃቄ አንስተው ጉጧ ላይ አሳረፉት፣ እጅጌያቸውን አስተካከሉላቸው፣ ከዚያ ቁልፏን ተጫኑ። መዘጋጀቷን የምትናገረው ሰማያዊ መብራት በራች። ሁሉም ነገር በሥርዓት ሆነ።

"ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ?"

እጃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠች። አረንጓዴው በራ።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ከአባቷ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፤ ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ካቻቢቴን አየችው፣ እሱም አያት። እንዲያ ሲተያዩ እትዬ እንኳ ለአፍታ ፊታቸውን ዘወር አደረጉላቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይኼ ልጅ ልጅህን ለጋብቻ ጠይቆህ ነበር። መልስ ሳትሰጠው ታመምክ። አሁን መልስለት። ትፈቅዳለህ?"

ሦስቱም መብራቱ ላይ አፈጠጡ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቀዩ በራ።

ይጠፋል ብለው ጠበቁ፤ አልጠፋም። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ፣ ያለ አንዳች መወላወል በርቶ ቀረ። ዳኛው ሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን ውሳኔ ሲያነቡ ድምፃቸው እንዲሁ አይወላውልም ነበር ይባላል። ልጅቱ ከመብራቱ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

ካቻቢቴ ተነሳ። "አመሰግናለሁ" አለ፤ ለማን እንዳለው እሱም አያውቅም። ጃኬቱን ከወንበሩ አንስቶ ወጣ። ከኋላው አልተጠራም፤ እንዲጠራ ግን ፈልጎ ነበር።

*

ሰኞ ማሽኑ በፌስታል ተጠቅልሎ ሱቁ ድረስ መጣለት። ከሱ ጋር አንድ ደብዳቤ ነበር።

"ካቻቢቴ፣

ማሽንህን መልሼልሃለሁ። ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች፤ እሷን አትውቀሳት። የአባቴን ድምፅ ስለመለስክልኝ ላመሰግንህ ይገባ ነበር፣ ምስጋናው ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ።

እንደምወድህ ታውቃለህ። ይኼ ዛሬ የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ ነገም አይለወጥም። ግን ለአንድ ዓመት 'አባዬ ይናገር' ስል ኖሬ፣ ሲናገር ደግሞ 'እንዲህ አይደለም' ልለው አልችልም። እንደዚያ ካደረግሁ መጀመሪያውኑ የፈለግሁት የሱን ቃል ሳይሆን የራሴን ነበር ማለት ነው።

ፋርማሲው አትምጣ። እንዳትጽፍልኝም። ከጻፍክልኝ አነበዋለሁ፣ ካነበብኩት ደግሞ እመጣለሁ።"

ስሟን አልጻፈችበትም። ካቻቢቴ ደብዳቤውን አጥፎ ከካቻቢቴው ጋር ደረት ኪሱ ከተተው። ፌስታሉን ሳይፈታ ከመደርደሪያው ሥር ወረወረው፤ ሊያየው አልፈለገም። ስምንት ቀን ሙሉ ሬዲዮና የፀጉር ማድረቂያ ሲጠግን ሰነበተ። ደንበኛ "ምን ሆነሃል?" ሲለው "ጉንፋን ነው" ይላል። በስምንተኛው ቀን አንዱ "ጉንፋን የያዘው ሰው ያስነጥሳል እኮ" አለው።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ሴት ልጇ የሚጫወትበትን መጫወቻ ይዛ መጣች። ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ብቻውን ወደ ቀኝ እየሄደ ግድግዳ ይገጫል። ካቻቢቴ በሽታውን ገና ሳያየው አወቀው። ያረጀ ጉጥ ተለቆም ወደ መሃል በትክክል አይመለስም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ሲበራ ጉጧ ያለችበትን ቦታ "መሃል ይኼ ነው" ብሎ የሚመዘግብ መስመር ፕሮግራሙ ላይ ይጨመራል። ይህን ሥራ መቶ ጊዜ ሠርቶታል። በዳኛው ማሽን ላይም ያንኑ መስመር ነበር እንዳለ የገለበጠው።

"ስታበሪው አትንኪው" አላት ሴትየዋን እንደ ልማዱ፣ "እጅሽን ሳታሳርፊበት መጀመሪያ አብሪው፤ አለዚያ መሃሉን ይስታል።"

ሴትየዋ የሚቀጥለውን ቃል ስትጠብቅ እሱ መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ ፌስታል እየቀደደ ነበር። ነገ ተመለሺ አላት።

ሚሞሪ ካርዷን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደረደሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት አካባቢ ነበሩ፤ አንዴ ሰማንያ ሁለት፣ አንዴ ዘጠና አንድ። ይህ የዳኛው እጅ ነው። የታመመ እጅ ሲያርፍ ይከብዳል፣ ጉጧንም ወደ ግራ ጎትቷታል፤ እየተንቀጠቀጠም ነው። እትዬ እጁን አስቀምጠው ካበሩት በኋላ ማሽኑ ያንን ነው መሃል ብሎ የያዘው። ቀጥሎ ሁለት መቶ አርባ አንድ ይላል፤ ይህ "ትሰማኛለህ?" ሲባሉ የገፉት አረንጓዴ ነው። እንደገና ሦስት መቶ ሰማንያዎቹ መጡ። ከዚያ፦

አምስት መቶ አሥራ ሰባት። አምስት መቶ አሥራ ሰባት። አምስት መቶ አሥራ ሰባት።

አርባ አንድ መስመር ቆጠረ። አንዱም አልተንቀጠቀጠም። ከአርባ አንዱ በኋላ እንደገና ሦስት መቶ ዘጠና።

ካቻቢቴ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ጉጥ የምትለው ነው። ያ ሁሉ ቀይ ሲበራ ጉጧ ላይ እጅ አልነበረም። ዳኛው እጃቸውን አነሱ፣ ጉጧ ወደ እውነተኛ መሃሏ ተመለሰች፣ ማሽኑም መሃሉ ሌላ መስሎት "አይሆንም" አለ። ማንም ያልተናገረውን ቃል አርባ አንድ ሰከንድ ሙሉ ተናገረ። ይህን ያደረገው ደግሞ ለማንኛዋም ደንበኛ የሚነግረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለእትዬ ሳይነግራቸው የቀረው ካቻቢቴ ነው። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ ሲባል አፉንም አብሮ ዘግቶ ነበር።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ፍርሃት ነው። ይህን ከሱ አፍ ሰምቶ ማን ያምናል? ተከሳሹ ራሱ ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ማን ይሰማዋል?

*

ፋርማሲው ውስጥ አራት ሰው ተሰልፏል። ካቻቢቴ አምስተኛ ሆኖ ቆመ። ልጅቱ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመስታወቱ ኋላ መድኃኒት ታቀርባለች። ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ አየችውና የምትቆጥራቸው እንክብሎች ተሳሳቱባት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ተራው ሲደርስ ዓይኗን ሳታነሳ "ማዘዣ?" አለችው።

ቁጥሮቹ የታተሙበትን ወረቀት መስታወቱ ላይ አስቀመጠላት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የአባትሽ እጅ ነው።"

"አትምጣ ብዬህ ነበር።"

"እንዳልጽፍ ብለሽኝም ነበር። ይኼን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።"

"ካቻቢቴ፣ ሰው ይጠብቃል።"

ከኋላው የቆሙት አሮጊት "እኔ አልቸኩልም ልጄ፣ ንገራት" አሉ። ሴትየዋ በዚያ ሰዓት ወደ ቤት ቢሄዱ ይህን የሚያህል ነገር አያገኙም።

ካቻቢቴ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አደረገ። እንክብል እንደሚቆጥር ሰው ቀስ እያለ አስረዳት፤ ይህ እጃቸው ሲያርፍ፣ ይህ አዎ ሲሉ፣ ይህ ደግሞ ማንም ሳይነካት። ድምፁ አልተለወጠም። የሱቁን ዋስትና የሚያስረዳ ይመስል ነበር።

"ቀዩ ሲበራ እጃቸው እዚያ አልነበረም። አይሆንም ያለው ማሽኑ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ማብራት ከዚያ እጅ ማሳረፍ እንደሚገባ ለእትዬ አልነገርኳቸውም።"

"ስለዚህ እሺ ብሏል ነው የምትለኝ?"

"አይደለም። እሺ ብለዋል ካልኩሽ እዋሻለሁ። አይሆንም አላሉም ነው የምልሽ። እጃቸው የት እንደነበረ አላውቅም።"

ልጅቱ ወረቀቱን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ምን እንደሆነ እሱ ሊያነበው አልቻለም።

"እኔ አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"የት እንደነበረ። አንተ ወጥተህ በሩ ሲዘጋ ነው ዞር ብለን ያየነው። እጁ ከወንበሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ደክሞት የወደቀ መስሎን እትዬ አንስተው ጉጧ ላይ መለሱለት።"

"በየት በኩል?"

"አንተ በነበርክበት በኩል።"

ካቻቢቴ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፣ መስታወቱ ላይ አሳረፋቸው።

"ከዚያ ቀን ጀምሮ" አለች፣ "ቀን በቀን በዚያ ሰዓት እጁን ወደዚያ ያነሳል። አየር ፈልጎ ነው ብለን መስኮቱን እንከፍትለታለን። ደግሞ ያነሳል፤ በረደው ብለን እንዘጋለን። ትናንት እትዬ ፀሐዩ ይሆናል ብለው መጋረጃውን ቀየሩ።" የጋዋኗን ቁልፍ ፈታች። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ መስኮት ስንከፍትና ስንዘጋ። ዓይኑን ግን አንድ ቀን አላየሁም።"

በራሷ ላይ ያደረባት ንዴት በእሱ ላይ ከነበራት ይበልጥ ነበር። ጋዋኗን አውልቃ ለባልደረባዋ ሰጠች። አሮጊቷ መድኃኒታቸውን ሳይጠይቁ "ሂጂ፣ ሂጂ" አሏት።

*

እትዬ በሩን ከፍተው ካቻቢቴን ሲያዩ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ። ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩና ገለል ብለው አሳለፏቸው።

ወረቀቱን ቆመው አላነበቡም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳስ አወጡ፣ የካቻቢቴን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አርባ አንዱን መስመር አንድ በአንድ ጫፉን በእርሳስ እየነኩ ቆጠሩ። ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡ።

"እጁን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"አልነገርኩዎትም እትዬ። ባስታውስ ኖሮ..."

"ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።" ወረቀቱን አስተካከሉ። "አርባ ዓመት ስፈትን መመሪያ ሳላነብ ፈተና ጀምሬ አላውቅም። ያን ቀን አንተን እንዳታጭበረብር ስጠብቅ መመሪያውን ሳልጠይቅ ጀመርኩ።" መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ይህን ለመደበቅ አልሞከሩም። "ፈተናው ተሰርዟል። ማሽኑን አምጣና እንደገና እንጠይቀው። አሁን አንተው አብራው።"

"አይ እትዬ" አለች ልጅቱ። "ማሽኑ ዛሬ ይቅር። ያን ቀን ሦስታችንም መብራቱን ነው ያየነው። እሱን ያየው የለም።"

እትዬ እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ።

ዳኛው ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ናቸው። ካቻቢቴ ሲገባ ዓይናቸው ተከተለው፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እስኪቀመጥ አልተነቀለም። ራሳቸው እንደ ሁልጊዜው ይነቀነቃል። ልጃቸው ከፊታቸው ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ሳናይህ ቀረን።" እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። "አሁን እያየሁህ ነው። ሌላ ምንም አላይም። ካቻቢቴን ላግባው?"

ካቻቢቴ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። አይሆንም ቢሉስ? ያን ጊዜ ስሕተቱን የሚፈልግበት ወረቀት አይኖርም። ይህን ሳያስብ እንደመጣ ገና አሁን ገባው፤ ቢሆንም አልተነሳም።

የዳኛው ግራ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሳች። ትንሽ ከፍ አለችና ወደቀች። ልጅቱ ልትደግፋት ስትል እትዬ ከኋላ "ማንም እንዳይረዳው" አሉ፣ በለሆሳስ። የዳኛው እጅ እንደገና ተነሳች። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ደረሰች፣ እዚያ አረፈች፣ ተነፈሰች ማለት ይቻላል። ስንት ጊዜ እንደፈጀ የቆጠረ የለም። ከዚያ መደገፊያውን ተሻግራ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተንሳፈፈች። ያን ቀን የቆመችው እዚህ ነበር፤ ያን ቀን ከዚህ ወዲያ የምትደርስበት ሰው አልነበረም።

የዳኛው እጅ የካቻቢቴ ጉልበት ላይ ጠፍ ብላ ወደቀች።

ካቻቢቴ ደነገጠ። እጃቸው ትንሽ ተነስታ ደግማ መታችው፤ ይኼኛው አቅም ነበረው።

"እየመቱኝ ነው" አለ ግራ ገብቶት።

"ይገባሃል" አሉ እትዬ። "ሰው መልስ እየሰጠህ ተነስተህ ትሄዳለህ?"

ካቻቢቴ ቀና ብሎ የዳኛውን ዓይን አየ። ቁጣ ነበረበት፤ ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጃቸው በልጅነቷ ከመንገድ ዳር ወደ መኪናው ስትሮጥ ክንዷን ይዘው ሲመልሷት ይህ ዓይን ነበራቸው፤ እሷ አወቀችው። ለምን ማሽኑን ትተው በእጃቸው ሊመልሱ እንደፈለጉ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በገዛ አፉ ሲፈርድ የኖረን ሰው በአምፖል ፍረድ ማለት ይከብዳል ባይ ነኝ።

የዳኛው ጣቶች ቀስ እያሉ ተሰበሰቡ። የካቻቢቴን ሱሪ ጨበጡ። ደካማ እጅ ነች፣ ጭብጧ ውስጥ ግን ጨርቁ ተሸበሸበ። ዳኛው ክንዳቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ካቻቢቴን ከነወንበሩ ወደሳቸው ሊያቀርቡት ሲታገሉ አንገታቸው ላይ ሥር ተገተረ። ካቻቢቴ ወንበሩን አነሳና ጠጋ አለላቸው። ጠጋ ካለ በኋላም አልለቀቁትም።

"አባዬ" አለች ልጅቱ፣ "ገባኝ። ገብቶኛል።" ራሷን አባቷ ጭን ላይ ጥላ አለቀሰች። ዓመት ከሁለት ወር አምቃ የያዘችው ነበርና ቶሎ አላባራም። ካቻቢቴም አለቀሰ፤ እንባውን የሚጠርግበት ነፃ እጅ ነበረው፣ አላስታወሰውም።

እትዬ ወደ መስኮቱ ሄደው አዲሱን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ፣ ደግሞ ዘጉት። ለማንም ብለው አልነበረም።

ቆይቶ ካቻቢቴ እግሩ ሲደነዝዝበት ሊነሳ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። የዳኛው ጣቶች ጨርቁን አጥብቀው ሳቡት።

"ተቀመጥ" አለችው ልጅቱ ራሷን ሳታነሳ።

ተቀመጠ።